በክንፍ ላይ የተበሳች ቀዳዳ፦ በነፋስ ዋሻ ውስጥ ግፊትንና የአየር ፍሰትን የመለካት ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው። ይህች ቀዳዳ በአውሮፕላን ሞዴል ክንፍ ገጽ ላይ ቀጥ ብላ ትበሳለች፤ ስፋቷ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በውስጥ በኩል በቀጭን ቱቦ ከግፊት መለኪያ ጋር ትያያዛለች። አየሩ በላይዋ ሲያልፍ በዚያች ነጥብ ላይ ያለውን ግፊት ትነግረናለች፤ ከዚያ ውጭ ምንም አትናገርም። ይሁን እንጂ ስለ ክንፍ አሠራር ዛሬ በልበ ሙሉነት ከምናስተምረው ብዙው የተገኘው እንዲህ ካሉ ቀዳዳዎች ከተሰበሰበ ምስክርነት ነው።

ታሪኩን የማቀርበው በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ነው። በዚህ የምርምር መስክ ዕውቀት ወደፊት የተራመደባቸው ወሳኝ ጊዜያት ሁለት ልኬቶች ያልተስማሙባቸው፣ አለመስማማታቸውም ሳይድበሰበስ ምክንያቱ የተመረመረባቸው ጊዜያት ናቸው። አንድ ቁጥር የተለካበት ሁኔታ አብሮት ካልተነገረ ዕውቀት ሊባል እንደማይችል የነፋስ ዋሻ ታሪክ ደጋግሞ ያስተምራል። በንግግሬ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ድምርና ዝርዝር

የነፋስ ዋሻ፣ በተለመደው የእንግሊዝኛ ስሙ ዊንድ ተነል፣ ሞዴሉን በአንድ ቦታ አቁሞ አየሩን በላዩ ላይ የሚያስኬድ መተላለፊያ ነው። የመጀመሪያው የነፋስ ዋሻ በ1871 በእንግሊዝ አገር ግሪንዊች በፍራንሲስ ዌንሃም መሪነት እንደተሠራ የታወቀ ነው። ርዝመቱ 12 ጫማ፣ ማለትም 3.7 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አየሩን የሚገፋው በእንፋሎት ሞተር የሚዞር ማራገቢያ ነበር። የዌንሃም ነፋስ እጅግ ያልተረጋጋ ስለነበር፣ ሆራሺዮ ፊሊፕስ በ1884 በእንፋሎት ኃይል አየሩን ከኋላ በመሳብ የተሻለ እርጋታ ያለው ፍሰት ለማግኘት ጣረ።

ሁለቱም የለኩት በሚዛን ነው። ሚዛን በሞዴሉ ላይ ያረፈውን ጠቅላላ ኃይል፣ ማለትም ወደ ላይ የሚያነሣውን አንሺ ኃይልና ወደ ኋላ የሚስበውን ጎታች ኃይል ይነግረናል። አንድ ጆንያ እህል ሚዛን ላይ ብናወጣ ክብደቱን እናውቃለን፤ በውስጡ ያለው ጤፍ ይሁን ስንዴ፣ ንጹሕ ይሁን እንክርዳድ የበዛበት ግን ሚዛኑ አይነግረንም። የክንፍም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሚዛኑ ድምሩን ይሰጣል፤ ኃይሉ ከክንፉ የትኛው ክፍል እንደመጣና ለምን እንደመጣ ለማወቅ ግን ገጹን ነጥብ በነጥብ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሠረተ ሐሳብ ከነፋስ ዋሻ በፊት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ፈረንሳዊው ሄንሪ ፒቶ በ1732 የሴንን ወንዝ ፍጥነት በታጠፈ የመስታወት ቱቦ ለካ፤ ዳንኤል በርኑሊ በ1738 ባሳተመው መጽሐፉ በፈሳሽ ፍጥነትና በግድግዳ ላይ በሚያሳድረው ግፊት መካከል ያለውን ዝምድና አስቀመጠ። በቱቦ ውስጥ ያለ የፈሳሽ ዓምድ ከፍ ዝቅ ሲል ግፊቱን ያሳያል፤ ይህንን መሣሪያ ማኖሜትር እንለዋለን። መሣሪያው ቢኖርም ግን በክንፍ ገጽ ላይ ለመጠቀም ያሰበ ሰው እስኪገኝ ብዙ ዘመን አለፈ።

የተወረሰ ቁጥር

የመጀመሪያው ትልቅ አለመስማማት የተከሰተው በአሜሪካ ነው። ዊልበርና ኦርቪል ራይት በ1901 የሠሩት ሞተር አልባ ተንሸራታች በስሌት ከተጠበቀው አንሺ ኃይል ሲሶውን ያህል ብቻ አስገኘ። ወንድማማቾቹ ለስሌታቸው የተጠቀሙት ሁለት ውርስ ነበር። አንደኛው ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ያዘጋጀው የክንፍ ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ሁለተኛው በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጆን ስሚተን ስም የሚጠራው፣ ከ1759 ጀምሮ ሲያያዝ የመጣው የአየር ግፊት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በእንግሊዝ መለኪያ 0.005 ተደርጎ ይወሰድ ነበር። ራይቶች ከራሳቸው በረራ ባገኙት መረጃ ሲያሰሉት 0.0033 ገደማ ሆኖ ተገኘ። 140 ዓመት ያህል ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ የኖረው ቁጥር ከእውነቱ በግማሽ ያህል ከፍ ብሎ ኖሯል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት መጸው ላይ ራይቶች ርዝመቱ 1.8 ሜትር፣ አፉ 40 ሴንቲ ሜትር በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ነፋስ ዋሻ ሠርተው ከ100 በላይ ትንንሽ የክንፍ ቅርጾችን ፈተሹ። ሚዛናቸው የተሠራው ከመጋዝ ምላጭና ከብስክሌት ሽቦ ነበር። የሚዛኑ ብልሃት ግን ከቁሳቁሱ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው። የክንፉ አንሺ ኃይል፣ በዚያው ነፋስ ውስጥ ፊት ለፊት ከቆሙ ጠፍጣፋ ሳህኖች ተቃውሞ ጋር እንዲነጻጸር ተደርጎ ተሠርቷል። ነፋሱ ቢፈጥን ሁለቱም አብረው ይጨምራሉ፤ የአየሩ እፍግታ ቢለወጥም ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ። የሚነበበው ንጽጽሩ ብቻ ስለሆነ፣ አጠራጣሪው የስሚተን ቁጥር ከሙከራው ጨርሶ ወጣ። በዚህም መንገድ የሊሊየንታል ሠንጠረዥ በአመዛኙ ትክክል እንደነበረና ዋናው ጥፋት ከተወረሰው ቁጥር እንደመጣ ለመረዳት ቻሉ። ይህንን ብልሃት በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ለራሳችን ጉዳይ ያስፈልገናል።

ጣሪያና ክንፍ

ራይቶች ድምሩን አረሙ፤ ዝርዝሩ ግን ገና ነበር። ስለ ዝርዝሩ ከቀደሙት ጠያቂዎች አንዱ የአውሮፕላን ሰው አልነበረም። በዴንማርክ ኮፐንሀገን የጋዝ ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው መሐንዲስ ዮሐን ኢርሚንገር በ1890ዎቹ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ የሚስበውን አየር እንደ ነፋስ ተጠቅሞ፣ በትንንሽ የቤት ሞዴሎች ገጽ ላይ ያለውን ግፊት ለካ። በዘመኑ የነበረው ግምት ነፋስ ቤትን የሚጎዳው በመግፋት ብቻ ነው የሚል ነበር። የኢርሚንገር ልኬት ግን ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ ባለው የጣሪያ ገጽ ላይ ብርቱ ስበት፣ ማለትም ከከባቢው ያነሰ ግፊት እንዳለ አሳየ።

በአገራችን ዐውሎ ነፋስ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲነቅል ያየ ሰው ይህንን ለመቀበል አይቸገርም። ቆርቆሮው ወደ ታች አይደረመስም፤ ሚስማሩን ይዞ ወደ ላይ ይነሣል። ነፋሱ በላዩ ሲያልፍ የሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊትና ከጣሪያው ሥር ያለው ከፍ ያለ ግፊት ተደጋግፈው ያነሡታል። የክንፍ ሥራም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በክንፍ ላይ ይህንን በስፋትና በሥርዓት የለካው፣ ስሙ በፓሪሱ ግንብ የሚታወቀው ጉስታቭ ኤፌል ነው። ኤፌል ወደዚህ ምርምር የገባው በስተርጅና ነው። አስቀድሞ ከግንቡ ሁለተኛ ወለል ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸውን ሳህኖች እየጣለ የአየሩን ተቃውሞ ለካ፤ በ1909 ደግሞ በግንቡ ግርጌ በሻን ደ ማርስ የነፋስ ዋሻ ሠራ። በዚያን ጊዜ አከራካሪ የነበረ አንድ ጥያቄ ነበር፦ በቆመ አየር ውስጥ የሚንቀሳቀስ አካልና በሚንቀሳቀስ አየር ውስጥ የቆመ አካል አንድ ዓይነት ኃይል ያርፍባቸዋልን? ኤፌል ከግንቡ በጣላቸው ሳህኖችና በዋሻው ውስጥ በቆሙት መካከል ያገኘው መቀራረብ የነፋስ ዋሻን እምነት የሚጣልበት መሣሪያ ለማድረግ ረዳ።

ከዚያም ኤፌል በክንፍ ሞዴሎች የላይኛውና የታችኛው ገጽ ላይ ቀዳዳዎችን በስቶ ግፊቱን ነጥብ በነጥብ አነበበ። ያገኘው ውጤት ብዙዎችን ያስገረመ ነበር። ክንፍን ከሚያነሣው ኃይል የሚበዛው ድርሻ የሚመጣው በላይኛው ገጽ ካለው ስበት ሲሆን፣ ከሥር የሚገፋው አየር የሚያበረክተው ከዚያ ያነሰ ነው። ስበቱም በላይኛው ገጽ ላይ እኩል የተነጠፈ አልነበረም፤ በክንፉ የፊት ጠርዝ አካባቢ በርትቶ ወደ ኋላ እየላላ ይሄዳል። ይህ ዕውቀት ወዲያውኑ የተግባር ፋይዳ ነበረው። በዘመኑ የክንፍ ሸራ የሚወጠረው ከሥር በሚገፋ ኃይል ታስቦ ነበር፤ የላይኛው ሸራ ከአጽሙ ተላቅቆ እንዳይነሣ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት የሚናገረው የግፊቱ ሥርጭት እንጂ ድምሩ አይደለም።

የሁለት ቤተ ሙከራዎች ክርክር

አሁን የንግግሬ እምብርት ወደሆነው ታሪክ ደረስን። በ1912 ኤፌል ዋሻውን ወደ ኦተይ አዛውሮ አስፋፋው። በዚያው ዘመን በጀርመን ጎቲንገን በሉድቪግ ፕራንትል የሚመራ ሌላ ቤተ ሙከራ ነበር። ሁለቱም ከቅርጾች ሁሉ ቀላል የሆነውን፣ ተራ ድቡልቡል ኳስ፣ በነፋስ ውስጥ አቁመው ጎታች ኃይሉን ለኩ። የኤፌል ቁጥር ከጎቲንገኑ ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ።

ከጎቲንገን በኩል የመጀመሪያው ግምት፣ ኤፌል በስሌቱ ላይ በሁለት ማባዛት ወይም ማካፈል ረስቷል የሚል ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ግምት ለሁላችንም ቅርብ ነው፤ የሌላው ሰው ቁጥር ከእኛ ሲለይ የሚሳሳተው ሁልጊዜ ሌላው ነው። ኤፌል ግን ሥራውን በመድገም መለሰ። ልዩ ልዩ ስፋት ያላቸውን ኳሶች በልዩ ልዩ ፍጥነት ፈተሸና፣ ፍጥነቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ የኳሱ የተቃውሞ ቁጥር በድንገት እንደሚወርድ አሳየ። የጎቲንገኑ ልኬት ከወሰኑ በታች፣ የእርሱ ደግሞ ከወሰኑ በላይ የተወሰደ ነበር። ሁለቱም ትክክል ነበሩ ማለት ነው።

ምክንያቱን የገለጸው ፕራንትል ነው። ፕራንትል በ1904 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከማንኛውም ገጽ አጠገብ ያለው እጅግ ስስ የአየር ንጣፍ በሰበቃ ምክንያት ከቀሪው አየር በተለየ መንገድ እንደሚፈስ አስረድቶ ነበር። በ1914 ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ይዞ፣ ከኳሱ ወገብ ትንሽ ወደ ፊት ቀጭን የሽቦ ቀለበት አሰረበት። ሽቦው ስሱን ንጣፍ አወከው፤ የታወከው ንጣፍ ከሌላው አየር ኃይል እየተዋሰ በኳሱ ጀርባ ላይ ራቅ ብሎ ተጣበቀ፤ ከኋላ የሚቀረው የሽክርክሪት አየር ጠበበ፤ ጎታች ኃይሉም ቀነሰ። በጭስ የተነሡት ሥዕሎች ይህንኑ ለዓይን አሳዩ። ለስላሳ ኳስ ላይ እንቅፋት ሲጨመር ተቃውሞው ይቀንሳል ብሎ ማን ይገምት ነበር?

የዚህ ክርክር ፍሬ አንድ ኳስን ከማስረዳት አልፎ ይሄዳል። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1883 በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀለም እያፈሰሰ፣ ፍሰት ከእርጋታ ወደ ነውጥ የሚሸጋገርበትን ሁኔታ አሳይቶ ነበር። በስሙ የሚጠራው ቁጥር የፍጥነትን፣ የስፋትን፣ የእፍግታንና የዝልግልግነትን ተጽዕኖ በአንድነት ይይዛል። ከኳሱ ክርክር በኋላ፣ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ያልተነገረ የሞዴል ልኬት ስለ ሙሉው አውሮፕላን ብዙ ሊናገር እንደማይችል ግልጽ ሆነ።

ሃምሳ አራት ቀዳዳዎች

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሞዴሉ ከአውሮፕላኑ 20 ጊዜ ካነሰ፣ የሬይኖልድስ ቁጥሩ እኩል እንዲሆን በተራ አየር ፍጥነቱ 20 ጊዜ መብዛት ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ የአየሩን ጠባይ ጨርሶ ይለውጠዋል። የፕራንትል ተማሪ የነበረውና ወደ አሜሪካ የተሻገረው ማክስ ሙንክ ያቀረበው መፍትሔ፣ ፍጥነቱን ትቶ አየሩን ማመቅ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በላንግሊ የምርምር ማዕከል የተሠራው ዋሻ በወፍራም የብረት ጋን ውስጥ የተቀመጠና አየሩ እስከ 20 የከባቢ አየር ግፊት ድረስ የሚታመቅበት ነበር። በዚህ ዋሻ የተፈተሹ 78 ተዛማጅ የክንፍ ቅርጾች ውጤት በ1933 ታተመ፤ የብዙ አውሮፕላኖች ክንፍ የተመረጠው ከዚያ ዝርዝር ነው።

ከእነዚህ ቅርጾች 4412 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ለእኛ ርእስ ልዩ ታሪክ አለው። ሮበርት ፒንከርተን በ1936 ባወጣው ዘገባ፣ በ5 ኢንች በ30 ኢንች የ4412 ሞዴል መካከለኛ ክፍል ላይ በተበሱ 54 ቀዳዳዎች ግፊቱን በአንድ ጊዜ አነበበ፤ ክንፉንም በ17 የተለያዩ ማዕዘኖች ዘንበል አድርጎ ፈተሸው። ዓላማው የተለካውን ግፊት ሰበቃን ከማይቆጥረው የሒሳብ ስሌት ጋር ማነጻጸር ነበር። ልኬቱና ስሌቱ በቀጥታ አልገጠሙም። ፒንከርተን ልዩነቱን በስሱ የአየር ንጣፍ ምክንያት አስረዳ፤ ስሌቱንም ከተለካው አንሺ ኃይል ጋር እንዲስማማ አሻሽሎ የቀረውን ክፍተት በግልጽ አሳየ።

ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ዶናልድ ኮልስና አላን ዋድኮክ ያንኑ 4412 ቅርጽ ዳግመኛ አነሡ። የዚህን ጊዜ ጥያቄው ከገጹ ውጭ ስላለው ፍሰት ነበር። ክንፉ ከ14 ዲግሪ ጥቂት ባነሰ ማዕዘን ዘንበል ሲል ከፍተኛውን አንሺ ኃይል ያስገኛል፤ በዚያን ጊዜ ከኋላው ጠርዝ አካባቢ አየሩ ከገጹ ተላቅቆ አንዳንዴ ወደ ፊት፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ ይፈስሳል። የአየርን ፍጥነት በጋለ ቀጭን ሽቦ መቀዝቀዝ መለካት የቆየ ዘዴ ነው፤ የቆመ ሽቦ ግን አየሩ ከፊት ይምጣ ከኋላ አይለይም። ሁለቱ ተመራማሪዎች ሽቦውን በሚሽከረከር ክንድ ጫፍ ላይ አድርገው በፍጥነት በፍሰቱ ውስጥ አሳለፉት። ሽቦው ራሱ ስለሚጓዝ አየሩ ሁልጊዜ ከፊቱ ይመጣበታል፤ የሽቦውን ፍጥነት በመቀነስ የአየሩ እውነተኛ ፍጥነትና አቅጣጫ ይገኛል። የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሰዎች ዛሬም ፕሮግራማቸውን ከሚፈትኑባቸው ልኬቶች አንዱ ይኸው ነው።

የሚያበራ ቀለም

ቀዳዳ የራሱ ድካም አለው። ስስ በሆነ የክንፍ ጠርዝ ላይ ለመብሳት ያስቸግራል፤ በአንድ ቀዳዳና በሌላው መካከል ያለውንም ገጽ በግምት እንሞላዋለን። በ1980ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ማዕከላዊ የኤሮሃይድሮዳይናሚክስ ተቋምና በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ጥረቶች ሌላ መንገድ ከፈቱ። ሞዴሉ ልዩ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ተስማሚ ብርሃን ሲያርፍበት ይፈካል፤ የኦክስጅን ሞለኪውሎች ግን ፍካቱን ያዳክሙታል። ግፊት ከፍ ባለበት ቦታ ኦክስጅን ስለሚበዛ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ስበት ባለበት ቦታ ይደምቃል። ካሜራ ይህንን ሲያነሣ መላው ገጽ የግፊት ካርታ ይሆናል።

ሆኖም ቀለሙ ቀዳዳውን ከሥራ አላሰናበተውም። የቀለሙ ፍካት በሙቀትም ይለወጣል። በዝቅተኛ ፍጥነት ደግሞ የሚፈለገው ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው፤ በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈጥረው የግፊት ለውጥ 550 ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ይህ ከጠቅላላው የከባቢ አየር ግፊት ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የቀለሙን ንባብ ለማረም በሞዴሉ ላይ ጥቂት ቀዳዳዎችን መተው የተለመደ ነው። አዲሱ መሣሪያ ምስክርነቱ የሚታመነው አሮጌው ሲያረጋግጥለት ነው።

ከፍታችንና ቁጥሮቻችን

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይነግረናል? አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ የአየር እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 1.225 ኪሎ ግራም ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቁጥር ለባሕር ጠለልና ለ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተሰጠ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት በዚህ ከፍታ እፍግታው 0.98 ገደማ፣ ማለትም ከመጽሐፉ ቁጥር በአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በባሕር ጠለል የውሃ ማኖሜትርን 56 ሚሊ ሜትር ያህል ሲያነሣ፣ እዚህ የሚያነሣው 45 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የመጽሐፉን ቁጥር ሳይመረምር የሚገለብጥ ተማሪ፣ ሌላው ሥራው ሁሉ የተዋጣ ቢሆን እንኳ፣ የክንፉን አቅም በአንድ አምስተኛ አሳንሶ ይዘግባል። የስሚተን ቁጥር ራይቶችን ያሳሳተው በዚሁ መንገድ ነበር።

መድኃኒቱም ራይቶች ያገኙት ነው። የነፋሱን ብርታት በፒቶ ቱቦ፣ የክንፉን ገጽ ግፊት በቀዳዳው፣ ሁለቱንም በአንድ አየር ውስጥ በተመሳሳይ ማኖሜትር ለክተን አንዱን ለሌላው ስናካፍል፣ እፍግታው ከስሌቱ ይወጣል፤ የተዋስነው ቁጥር አያስፈልገንም። የሬይኖልድስ ቁጥር ግን አሁንም በእፍግታው ስለሚለወጥ፣ የአየሩን ሙቀትና የዕለቱን የባሮሜትር ንባብ ከውጤቱ ጎን መጻፍ ግዴታ ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ያገኛችሁት ውጤት ከታተመው ሲለይ ሁለት ፈተናዎች ይገጥሟችኋል፦ አንደኛው ውጤታችሁን ከታተመው ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ማስተካከል፣ ሁለተኛው ልዩነቱን «የመሣሪያ ስሕተት» በሚል አንድ ሐረግ ማለፍ ነው። እርግጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተዘጋ ቀዳዳ ወይም የሚያፈስ ቱቦ ይሆናል፤ እርሱንም ፈልጎ ማግኘት ሥራ ነው። ነገር ግን ኤፌል ቁጥሩን በጎቲንገን ልክ አስተካክሎ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ጎቲንገኖች የኤፌልን ውጤት እንደ ስሌት ስሕተት ቆጥረው ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ስሱ የአየር ንጣፍ ነውጥ ያለን ዕውቀት በብዙ ዓመታት በዘገየ ነበር። የሁለቱን ቤተ ሙከራዎች ክብር የጠበቀው፣ እያንዳንዳቸው ቁጥራቸውን ከነሁኔታው ገልጠው ለመመርመር መፍቀዳቸው ነው። በቤተ ሙከራ መዝገባችሁ ላይ የማይገጥም ቁጥር ስታገኙ፣ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ግፊቱንና የሞዴሉን አቀማመጥ አብራችሁ ጻፉ፤ አትሰርዙት።